ሙከራው መቼ ይቁም? ዴቪድ ደሜትስ እና የሃርት አታክ ሕክምና

ቁጥር_ወዳጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ስለ ልብ ሕክምና በተወራ ቁጥር የቀዶ ሐኪሞችና የመድኃኒት ፈልሳፊዎች ስም ይነሳል። መድኃኒቱ በእርግጥ ሰው ያድን እንደሆነ የሚያጣሩት የቁጥር ሰዎች ግን ብዙም አይወሱም። ዛሬ ስለ አንዱ መጻፍ ፈለግኩ። ዴቪድ ደሜትስ ይባላል፤ አሜሪካዊ ባዮስታቲስቲሺያን፣ ማለትም የሕክምና መረጃን በስታቲስቲክስ የሚመረምር ባለሙያ ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም ውስጥ ሠርቷል። ከዚያ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የባዮስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል አቋቁሟል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ሥራውን ለመረዳት አንድ ሙከራ ላይ እናተኩር። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ከሃርት አታክ የተረፉ ሰዎች ፕሮፕራኖሎል የተባለውን ቤታ ብሎከር (የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት) ቢወስዱ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ይጨምራል ወይ? ምዝገባው በ1978 ተጀምሮ በ1980 አለቀ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 የሆነ 3,837 ሰዎች ገቡበት። ግማሾቹ በዕጣ መድኃኒቱ ደረሳቸው። ሌሎቹ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን፣ ማለትም ፕላሴቦ ደረሳቸው። ማን ምን እንደሚወስድ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም። ውጤቱን በየጥቂት ወሩ በዝግ የሚያየው አንድ የክትትል ቦርድ ብቻ ነው።

ቦርዱ ሰባት ጊዜ ለማየት አቅዶ ነበር። በየስብሰባው የሚቀርብለት፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለውን የሞት ልዩነት የሚለካ ዜድ የሚባል ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ ልዩነት የለም። መረጃው አንድ ጊዜ ብቻ በሚታይበት ጥናት 1.96 ካለፈ "ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም" ይባላል። ሁላችንም የምናውቃት የ0.05 ፒ ቫልዩ ማለት እሷ ናት፤ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ 5 በመቶ ነው ማለት ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱልኝ። ሜይ 1979 ላይ 1.68። ኦክቶበር 1979 ላይ 2.24። ማርች 1980 ላይ 2.37። ኦክቶበር 1980 ላይ 2.30። ኤፕሪል 1981 ላይ 2.34። ኦክቶበር 1981 ላይ 2.82።

በሁለተኛው ስብሰባ 1.96 ታልፏል። ሙከራው ግን አልቆመም። የቆመው በስድስተኛው ነው፤ ከታሰበለት ጊዜ ዘጠኝ ወር ቀድሞ። ለምን ቢባል፣ ቦርዱ የተመራው በ1.96 ሳይሆን ኦብራየንና ፍሌሚንግ የተባሉ ሁለት ስታቲስቲሺያኖች በ1979 ባሳተሙት ወሰን ነው። ያ ወሰን መጀመሪያ ላይ እጅግ ከፍ ብሎ ይነሳና እየቆየ ይወርዳል። ለሰባት ምልከታ ሲሰላ የመጀመሪያዎቹ ስድስት እንዲህ ናቸው፤ 5.46፣ 3.86፣ 3.15፣ 2.73፣ 2.44፣ 2.23። ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ዜድ ከወሰኑ በታች ነው። ኤፕሪል 1981 ላይ ለጥቂት ነው ያልደረሰው። በስድስተኛው 2.82 ከ2.23 በላይ ሆነ።

በመጨረሻ ሲቆጠር ፕሮፕራኖሎል ከወሰዱት 1,916 ሰዎች 138 ሞተዋል፤ 7.2 በመቶ። ፕላሴቦ ከደረሳቸው 1,921 ሰዎች 188 ሞተዋል፤ 9.8 በመቶ። ቤታ ብሎከር ከሃርት አታክ በኋላ የሚታዘዝ መደበኛ መድኃኒት እንዲሆን ይህ ሙከራ ትልቅ ድርሻ አለው። ቀድሞ የቆመበትን ስታቲስቲክሳዊ ሂደት ደሜትስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 ጽፎ አሳትሞታል።

ዋናው የሱ አስተዋፅኦ ግን ከዚሁ ሥራ ውስጥ የወጣ ዘዴ ነው። ከጎርደን ላን ጋር ሆነው በ1983 አምስት ገጽ የሆነች ጽሑፍ አሳተሙ። ዛሬ ትልልቅ የመድኃኒት ሙከራዎች መሀል መንገድ ላይ መረጃቸውን የሚያዩበት መንገድ በብዛት ከዚያች ጽሑፍ የተቀዳ ነው። ዝርዝሩን ጥያቄ ካለ እመለስበታለሁ።

ሄለን_ፋርማ፦

ተባረክ፣ ቁጥሮቹን እንዲህ ተርታውን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር ውስጤን ረበሸው። ኦክቶበር 1979 ላይ 2.24 ነው። የቆመው ኦክቶበር 1981 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርዱ መድኃኒቱ የተሻለ እንደሚመስል እያየ ግማሾቹ ሰዎች ባዶ ክኒን ሲውጡ ቆዩ ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ወረቀት ላይ ያሉ ቁጥሮች አይደሉም። ይህን እንዴት ነው ትክክል የምንለው?

ቁጥር_ወዳጅ፦

ሄለን፣ ጥያቄሽ የዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ ነው። በቁም ነገር ልመልስ።

1.96 የምትሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ስታዪ ነው። መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ፣ ከ100 ሙከራ በ5ቱ በአጋጣሚ ብቻ ትታለፋለች። ደጋግመሽ ካየሽ ደግሞ የመታለል ዕድልሽ ያድጋል። ፒተር አርሚቴጅና ሁለት ባልደረቦቹ በ1969 አስልተውታል። አምስት ጊዜ ካየሽ 5 በመቶው 14.2 በመቶ ይሆናል። አሥር ጊዜ ካየሽ 19.3 በመቶ። ማለትም ፋይዳም ጉዳትም የሌለው መድኃኒት ከአምስት አንድ ጊዜ ገደማ "ሠራ!" ወይም "ጎዳ!" ተብሎ ይወጣል።

ይህ በሃሳብ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም፤ በልብ ሕክምና ውስጥ ደርሷል። ከፕሮፕራኖሎሉ ሙከራ በፊት፣ ከ1966 እስከ 1975፣ ሃርት አታክ ባገኛቸው ወንዶች ላይ የተሠራ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ ነበር። ከተሞከሩት መድኃኒቶች አንዱ የደም ቅባት የሚቀንሰው ክሎፊብሬት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልዩነቱ የ0.05ን መስመር ከአንድ ጊዜ በላይ ነክቷል። ያኔ አቁመውት ቢሆን "ሕይወት አዳኝ" ተብሎ ይታወጅ ነበር። መጨረሻ ላይ የአምስት ዓመት ሞት ሲቆጠር በክሎፊብሬት 20.0 በመቶ፣ በፕላሴቦ 20.9 በመቶ ሆነ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የፕሮፕራኖሎሉን ቦርድ ያስጠነቀቀው ይህ ታሪክ ነው።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦

ከሐኪም ወገን አንድ ነገር ልጨምር። ቤታ ብሎከር የልብን ምት ያዘገያል፣ የምቱንም ኃይል ይቀንሳል። ልብ የሚፈልገው ኦክስጅን ያንሳል፣ ገዳይ የሆነ የምት መዛባትም ይቀንሳል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚፈራውም ግን ይኸንኑ ነው። ገና የተጎዳ ልብ ላይ የልብን ኃይል የሚቀንስ መድኃኒት መስጠት ለብዙ ሐኪም ከደመ ነፍሱ ጋር የሚጋጭ ነገር ነበር።

እንዲህ ያለውን ፍርሃት የሚሰብር ማስረጃ ጠንካራ መሆን አለበት። በ2.24 ቢቆም ኖሮ ጥቂት ሰው የሞተበት፣ ገና ምዝገባው ያላለቀ ሙከራ ይዘን ነበር የምንቀረው። ሐኪሙ "ሌላ ጥናት እንጠብቅ" ይል ነበር። ሌላ ጥናት ማለት ደግሞ እንደገና ግማሹን ሰው ፕላሴቦ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሄለን እህቴ፣ ስሜትሽን እረዳለሁ፤ ግን ቸኩሎ የቆመ ሙከራም የራሱ ሟቾች አሉት።

ሄለን_ፋርማ፦

ዶክተር አመሰግናለሁ። የሁለታችሁም ክርክር ገብቶኛል። ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም። አባቴ ከሃርት አታክ በኋላ ለዓመታት ቤታ ብሎከር ወስዷል። በዚያ ሙከራ ፕላሴቦ ከደረሳቸው አንዱ እሱ ቢሆንስ ብዬ አስባለሁ። በ188 እና በ138 መካከል 50 ሰው አለ።

ጥላሁን_ስታት፦

ሄለን፣ አባትሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። ጥያቄሽን ከሌላኛው ወገን ልይልሽ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሐኪሞች አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ከሃርት አታክ በኋላ ተጨማሪ ያልተስተካከለ የልብ ምት የሚበዛባቸው ሰዎች በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል። እነዚህን ምቶች የሚያጠፉ መድኃኒቶች ደግሞ ነበሩ፤ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ። ሎጂኩ ያለቀለት ይመስላል። ምቱን አጥፋ፣ ሰውየው ይድናል። መድኃኒቶቹ በሰፊው ይታዘዙ ነበር። እንዲያውም ፕላሴቦ መስጠት ራሱ ኢሥነ ምግባራዊ ነው የሚሉ ነበሩ።

ሙከራው ተሠራ። ምቶቹም በእርግጥ ጠፉ። ሰዎቹ ግን ሞቱ። በኤፕሪል 1989 ያ የሙከራው ክፍል እንዲቆም ተደረገ። በ1991 የወጣው ሙሉ ቁጥር እንዲህ ይላል፤ መድኃኒት ከወሰዱ 755 ሰዎች 63 ሞተዋል፣ ፕላሴቦ ከወሰዱ 743 ሰዎች 26። ያም በአማካይ አሥር ወር በሚሆን ክትትል ውስጥ። እዚህ ላይ በሕይወት የመቆየት የተሻለ ዕድል የነበረው ባዶውን ክኒን የዋጠው ሰው ነው።

ስለዚህ "ፕላሴቦው ቡድን ውስጥ አባቴ ቢሆንስ" የሚለው ጥያቄ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ሙከራው ሳያልቅ የትኛው ክኒን የተሻለ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ደሜትስ ይህን ጉዳይ አጥብቆ ይዞታል። በ1996 ከቶማስ ፍሌሚንግ ጋር በጻፈው ጽሑፍ፣ በሞትና በሕይወት ፈንታ የላቦራቶሪ ወይም የኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) ምልክት እየለኩ መድኃኒት ማጽደቅ ምን ያህል እንደሚያሳስት በምሳሌ አሳይተዋል። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ለሕዝብ ጠቃሚ የምለው ይህንን ነው።

ሌላው፣ ቁጥሮቹን እንደገና እያቸው። ከማርች 1980 እስከ ኦክቶበር 1980 ዜድ ከ2.37 ወደ 2.30 ወርዷል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ቦርዱ የሚያየው ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ መስመር አይደለም። ቀጥሎ ወደ 2.0 ይውረድ ወይስ ወደ 2.8 ይውጣ፣ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው አያውቅም።

ሄለን_ፋርማ፦

ይህኛው አሳመነኝ። በተለይ 63 እና 26። እንደ ፋርማሲስት ስለ ፍሌካይናይድ "ሃርት አታክ ለነበረው ሰው አትስጡ" የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሁሌ አነባለሁ፤ ከጀርባው ይህን ያህል ሰው መኖሩን ግን አስቤው አላውቅም።

የማስተርስ_ተማሪ፦

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። እኔ ባዮስታት እየተማርኩ ነው። አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። ወሰኑን የሠሩት ኦብራየንና ፍሌሚንግ ከሆኑ፣ ላንና ደሜትስ ምን ጨመሩ? ክፍል ውስጥ "አልፋ ስፔንዲንግ" ተብሎ በአንድ ስላይድ ታልፏል።

ቁጥር_ወዳጅ፦

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

የኦብራየንና ፍሌሚንግ ወሰን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ስንት ጊዜ እንደምታይ ከመነሻው መወሰን አለብህ። ሁለተኛ፣ በምልከታዎቹ መካከል የሚጨመረው መረጃ እኩል መሆን አለበት። እንዲህ ባለ ሙከራ መረጃ ማለት የሞት ቁጥር ነው። ቦርድ ግን የሚሰበሰበው በካላንደር ነው። ሞት ደግሞ የካላንደር ቀጠሮ አያከብርም። በአንዱ ስድስት ወር 30 ሰው ይሞታል፣ በሌላው 70። ባልታሰበ ሰዓት አሳሳቢ ነገር ቢታይና ቦርዱ ተጨማሪ ስብሰባ ቢፈልግስ? በድሮው ሕግ ሒሳቡ ይፈርሳል።

ላንና ደሜትስ ያሉት እንዲህ ነው። የመታለል ዕድልህን፣ ያቺን አልፋ የምትባለውን 0.05፣ ለሙሉ ጉዞ እንደተሰጠህ የኪስ ገንዘብ ቁጠራት። ስንት ቦታ እንደምትቆም አስቀድመህ መናገር የለብህም። መናገር ያለብህ ጉዞው ይህን ያህል ሲደርስ ከገንዘቡ ይህን ያህል ብቻ ነው የማወጣው የሚለውን ደንብ ነው። ያ ደንብ ፈንክሽን ነው። የጉዞው ርቀት የሚለካው በወር ሳይሆን በመረጃ ነው፤ ከሚጠበቀው ጠቅላላ ሞት እስካሁን ስንት እጁ ታየ በሚለው።

ቁጥር ልስጥህ። ከኦብራየንና ፍሌሚንግ ጋር የሚመሳሰለውን ፈንክሽን ብትመርጥ፣ ግማሹ መረጃ ሲሰበሰብ ከ0.05 የምታወጣው 0.003 ገደማ ብቻ ነው። ለማቆም ዜድ 2.96 ማለፍ አለበት። ለመጨረሻው ግን 1.97 ይቀርልሃል፤ መሀል ላይ ሳታይ ብትቀር ከሚጠበቅብህ 1.96 ብዙም አይርቅም። ስቱዋርት ፖኮክ በ1977 ካቀረበው ወሰን ጋር የሚመሳሰለውን ብትመርጥ ደግሞ በግማሽ መንገድ 0.031 ታወጣለህ። ቶሎ ማቆም ይቀልሃል፤ መጨረሻ ላይ ግን 2.20 ይጠበቅብሃል።

ጥቅሙን በደንብ ያሳየው ከልብ ሕክምና ውጭ የሆነ ሙከራ ነው። የሞደርና የኮቪድ ክትባት ይህንኑ የላን እና ደሜትስ ዘዴ ተጠቅሟል። ዕቅዱ 53 ሰው ሲታመም አንድ ጊዜ፣ 106 ሲሆን ሁለተኛ፣ 151 ሲሆን የመጨረሻውን ማየት ነበር። በኖቬምበር 2020 ወረርሽኙ ስለፈጠነ የመጀመሪያው ምልከታ ሲደረግ በ53 ፈንታ 95 ታማሚ ተመዝግቦ ነበር፤ 90 ከፕላሴቦ፣ 5 ከክትባት። ዕቅዱ ተዛነፈ፣ ሒሳቡ ግን አልተናጋም። ወሰኑ ባለው መረጃ ልክ እንደገና ይሰላል።

የማስተርስ_ተማሪ፦

አሁን ገባኝ! ማለትም በየምልከታው ወሰኑ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ደንቡ ግን ይታወቃል። እዚሁ እያለሁ አንድ ልጠይቅ። ክኒኑን በትክክል የወሰዱትን ብቻ ለይተን ብናወዳድር አይሻልም? ያልዋጠውን ሰው ከመድኃኒቱ ቡድን መቁጠር ግር ይለኛል።

ጥላሁን_ስታት፦

ኧረ በጭራሽ! ይህን ለማየት ቁጥር_ወዳጅ ወደጠቀሰው የክሎፊብሬት ሙከራ እንመለስ። ተመራማሪዎቹ አንተ ያልከውን ሠርተው በ1980 አሳትመውታል። ክሎፊብሬት ከታዘዘላቸው መካከል 80 በመቶና ከዚያ በላይ የዋጡት በአምስት ዓመት 15.0 በመቶ ሞቱ። ከዚያ ያነሰ የዋጡት 24.6 በመቶ። "መድኃኒቱ ሠራ!" ያሰኛል፣ አይደል?

አሁን ፕላሴቦውን እይ። ባዶውን ክኒን በአግባቡ የዋጡት 15.1 በመቶ ሞቱ። ያልዋጡት 28.2 በመቶ። ያው ነው፤ እንዲያውም ክፍተቱ ይሰፋል። ምንም የሌለበት ክኒን በትጋት መዋጥ ዕድሜ አያረዝምም። ክኒኑን በትጋት የሚውጥ ሰው በሌላ ብዙ ነገር ከማይውጠው ይለያል፤ በጤናው ሁኔታ፣ በአኗኗሩ፣ ለራሱ በሚያደርገው ጥንቃቄ። ተመራማሪዎቹ የሚያውቋቸውን ልዩነቶች በሒሳብ ለማስተካከል ሞክረው ነበር። ክፍተቱ አልጠፋም። ለዚህ ነው በዕጣ የተመደበ ሰው፣ ዋጠም አልዋጠም፣ በተመደበበት ቡድን የሚቆጠረው።

አቤል_ዜድ፦

ጥሩ ውይይት ነው፤ ግን ስለ ሃርት አታክ ሕክምናና ስለ ስታቲስቲክስ አንድ ሰው ይነሳ ከተባለ እኔ ሪቻርድ ፔቶን ነው የማነሳው። የኦክስፎርዱ። በ1988 የወጣው የነሱ ሙከራ 17,187 ሰዎች፣ 16 አገር፣ 417 ሆስፒታል ነው። የደም መርጋት የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝና ተራው አስፕሪን ተሞከሩ። ሁለቱንም ካላገኙት 13.2 በመቶ በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም ሞቱ። ሁለቱንም ካገኙት 8.0 በመቶ። በዓለም ዙሪያ ሃርት አታክ ይዞት ለመጣ ሰው አስፕሪን ቶሎ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የበለጠ አስተዋፅኦ አለ?

ቁጥር_ወዳጅ፦

አቤል፣ አልከራከርህም፤ የነፔቶ ሥራ ታላቅ ነው። የሚያደንቁት ነገርም አለ። አንባቢዎች ሰዎቹን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በምኑም እየከፋፈሉ ውጤት እንዳይፈልጉ ለማስጠንቀቅ፣ ታማሚዎቹን በልደት ኮከባቸው ከፋፍለው አሳተሙት። ጌሚኒና ሊብራ የሆኑት በአስፕሪን ትንሽ የተጎዱ መሰሉ፤ ሌሎቹ በደንብ ተጠቀሙ። በአጋጣሚ የሚመጣ ልዩነት ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ደሜትስን ያነሳሁት ግን ሥራው ዓይነቱ ስለሚለይ ነው። ፔቶ ቀላል ጥያቄ ይዞ ብዙ ሺህ ሰው መመዝገብ እንደሚቻል አሳየ። ደሜትስ ደግሞ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ከተመዘገበ በኋላ፣ ሙከራው እየሄደ ሳለ፣ እንዴት በኃላፊነት እንደሚጠበቅ አሳየ። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦

አንድ ማሳሰቢያ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነቡ ታማሚዎች ይኖራሉ። የፕሮፕራኖሎሉ ሙከራ የተሠራው የተዘጋውን የልብ ደም ሥር በስቴንት (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ትንሽ የመረብ ቱቦ) መክፈት ከመለመዱ በፊት ነው። ዛሬ ልብ ቶሎ ደም ያገኛል፤ የሚጎዳውም ክፍል ያንሳል። ስለዚህ ጥያቄው እንደገና ተከፍቷል። በ2024 የወጣ ሙከራ ከሃርት አታክ በኋላ የልባቸው የመርጨት አቅም 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ 5,020 ሰዎችን በዕጣ መድቦ አወዳደረ። ሞት ወይም ሌላ ሃርት አታክ የደረሰባቸው ቤታ ብሎከር ከወሰዱት 7.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.3 በመቶ ናቸው። ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ይህ ለሁሉም ሰው አይሠራም። ልቡ ለደከመ፣ የምት መዛባት ላለበት ወይም መድኃኒቱን በሌላ ምክንያት ለሚወስድ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ቤታ ብሎከር በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደጋ አለው። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ በፍጹም እንዳታቆሙ።

ሄለን_ፋርማ፦

ዶክተር፣ ይህን ስለጻፉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ቦርዱ ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነው? የመድኃኒቱ አምራች እዚያ ካለ ይህ ሁሉ ወሰን ምን ይረባል?

ጥላሁን_ስታት፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መነሻው በ1967 ለአሜሪካ የልብ ተቋም የቀረበ፣ ግሪንበርግ የተባለ ሰው የመራው ኮሚቴ ሪፖርት ነው። ሙከራውን ከሚያካሂዱት ውጭ የሆኑ ባለሙያዎች መረጃውን ይከታተሉ የሚል ሃሳብ ነበረው። ሐኪሞች፣ ስታቲስቲሺያን፣ ብዙ ጊዜም የሥነ ምግባር ባለሙያ ይቀመጡበታል።

ደሜትስ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሮ ተከራክሯል። ቦርዱ ገለልተኛ ቢሆን እንኳ፣ ሰንጠረዡን የሚያዘጋጅለት ስታቲስቲሺያን የኩባንያው ተቀጣሪ ከሆነ ምስጢሩ ይወጣል። ስለዚህ የመሀል መንገዱን ሰንጠረዥ የሚሠራው ከአምራቹ የተለየ ማዕከል ይሁን አለ። አምራቹ ማወቅ የሚችለው "ይቀጥል" ወይም "ይቁም" የሚለውን ብቻ ነው። ምክንያቱም ገና በመሀል "መድኃኒቱ እየመራ ነው" የሚል ወሬ ከወጣ፣ ሐኪሞቹ ታማሚ ማስመዝገብ ያቆማሉ፣ ፕላሴቦ ላይ ያለውም ሰው መድኃኒቱን ከውጭ ፈልጎ ይጀምራል። ሙከራው ያኔ ሞተ።

የማስተርስ_ተማሪ፦

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ወሰኖች ራሴ ላወጣቸው ሞከርኩ። ለሰባት ምልከታ የሚሠራውን ቋሚ ቁጥር 2.063ን፣ 7 ለምልከታው ተራ ቁጥር ተካፍሎ በሚገኘው ስኩዌር ሩት ማባዛት ነው። ለመጀመሪያው 5.46፣ ለአራተኛው 2.73፣ ለስድስተኛው 2.23 መጣልኝ። ለሰባተኛው 2.06 ይቀራል። የሚቀጥለው የማይገባኝ ነገር፣ የሞቱት ቁጥር በየስብሰባው እኩል ካልጨመረ ስድስተኛው ወሰን ምን ያህል ይንቀሳቀሳል?

ቁጥር_ወዳጅ፦

ጎበዝ፣ ትክክል አውጥተኸዋል። ለመልሱ እስከ ስድስተኛው ስብሰባ የታየው ሞት ከሚጠበቀው ጠቅላላ ስንት እጅ እንደሆነ ያስፈልግሃል። እኩል ከጨመረ ስድስት ሲካፈል ለሰባት፣ 0.857 ነው። 0.80 ብታደርገው ወሰኑ ትንሽ ከፍ ይላል፣ 0.90 ብታደርገው ዝቅ ይላል። አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ለዚህ የተሠራ ፓኬጅ አለ። ሦስቱንም አስልተህ ከ2.82 ጋር አስተያያቸውና እዚሁ ለጥፍልን።